የጎሽ ጠመንጃና የአክስቴ ሽማግሌዎች

አያቴ ሐብተማርያም ሰውን የሚለካው በጠመንጃ ነበር። አንድ ሰው ደስ ካላለው «ተወው እሱን፣ ሃያ ሁለት ነው» ይላል። ሃያ ሁለት ማለት ለቆቅና ለጅግራ የሚሆን፣ ድምፁ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ትንሽ ጠመንጃ ነው። ቃሉን አክባሪ፣ ሥራውን አዋቂ ሰው ደግሞ «ሦስት መቶ» ይባላል፤ በሦስት መቶ ከገደል ማዶ የቆመ የደጋ አጋዘን ይጣልበታል። «ሦስት መቶ ሰባ አምስት» ሲል የሰማሁት ግን ለሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ አንዱ የነፍስ አባቱ፣ ሌላው ራሱ። ሦስት መቶ ሰባ አምስት የጎሽ ጠመንጃ ነዋ!

ያኔ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ነው። እናቴ በእርዳታ ድርጅት ሥራ ጁባ ስለምትመላለስ ያሳደጉኝ አያቶቼ ናቸው፤ አባባ ሐብተማርያምና እማማ እህተማርያም። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን እየመራ ባሌና ኦሞ ሲዞር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ ወዳሉበት መጣ። እግዜር ሲያሾፍበት ታዲያ፣ ለእርጅናው የደረሰው አገር አደን በሕግ ከተከለከለ ስንት ዘመን ያለፈበት አገር ሆነ። ጠመንጃ አልነበረውም፤ ወሬው ግን ነበረው፣ ያውም ማታ ማታ ከራት ጋር የሚቀርብ።

የወሬው ሁሉ አውራ የጎሹ ወሬ ነው። ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ጎበጥ ያለች፣ የጨረቃ ቁራጭ የምታክል ጠባሳ ነበረችው። ኦሞ ጫካ ውስጥ የቆሰለ ጎሽ ዞሮ መጥቶ በቀንዱ ጫፍ የወጋው ነው። ጎሹ በየወሬው ይወፍራል፤ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ወይፈን የነበረው፣ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የላንድሮቨር ቁመት ነበረው። ወሬው ሲጀመር እማማ ሁልጊዜ ወጥ ቤት ሥራ ይኖራታል፤ ትነሣና ትሄዳለች። ፈርታ ይመስለኝ ነበር። አባባ በጎሽ ሊሞት የነበረበትን ቀን መስማት ማን ይወዳል?

አክስቴ የምሥራች የአባባ የመጨረሻ ልጅ ናት። ዮአብን ይዛ የመጣች ቀን ነው ነገሩ ሁሉ የተጀመረው። ዮአብ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው፤ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ክፍል ይሠራል። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ አማርኛ ጀምሮ በስዋሂሊ የሚጨርስ ሰው ነበር። ለእኔ የአውሮፕላን ቸኮሌት ያመጣልኛል፤ በዚህ ላይ ሚዜ ትሆኚያለሽ ብሎኛል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አባባ ግን ገና እንዳየው ወደ እማማ ዘንበል ብሎ «ሃያ ሁለት» አለ።

አንድ እሑድ ዮአብ አባባን ደስ ላሰኝ ብሎ ሁላችንንም በትንሿ ቪትዝ ጭኖ ናይሮቢ ፓርክ ወሰደን። አባባ ከፊት ተቀምጦ፣ መስኮቱን አውርዶ፣ ያየውን ሁሉ በጣቱ እያነጣጠረ በደስታ ያስተምረናል። «ያቺን ሚዳቋ በጎሽ ጠመንጃ ብትመታት ቤት ይዘህ የምትገባው ሰኮናዋን ነው! ጎሹን ደግሞ በሚዳቋ ጠመንጃ ብትመታው፣ እሱ አንተን ይዞ ይገባል! ልክ አለው ሁሉም!» ዮአብ «ሳዋ አባባ፣ እሺ፣ ሳዋ» ይላል፣ እጁ መሪው ላይ እያላበው። እማማና የምሥራች እኔን መሐል አድርገው ከኋላ ይስቃሉ። አየሩ የደረቀ ሣርና የአቧራ ሽታ ነበረው፤ ከሩቅ የከተማው ፎቆች ይታያሉ።

ድንገት ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ጎሽ ወጥቶ መንገዱ መሐል ቆመ። እውነተኛ ጎሽ። አፍንጫው እርጥብ ነው፣ ዝንቦቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። አባባ ትንፋሹን ዋጠ። «አትንቀሳቀስ» አለ በሹክሹክታ። «ዝም ብለህ...»

ዮአብ «ማማ ያንጉ! እናቴ!» ብሎ ጮኸ። መኪናዋን ወደ ኋላ ለቀቃት፤ በዚያው ጡሩንባውን በክርኑ ተጭኖት ኖሮ እየጮኸች ሄዳ እሾህ ውስጥ ገባች። ጎሹ አንድ ጊዜ አየንና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። የምሥራችና እኔ በሳቅ ፈረስን። አባባ ብቻ አልሳቀም። ባርኔጣውን ከእግሩ ሥር አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«የምሥራች ትሙት!» አለ። «የጎሽ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አስደግፎ ላልተኮሰ ሰው ልጄን አልሰጥም!»

እማማ «ኧረ በስመ አብ በል! በልጄ ስም?» አለች። የተማለ ግን ተማለ። እኔም የማውቀውን አውቃለሁ፤ በሰው ስም ተምሎ መሐላው ከፈረሰ ያ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ጭንቀት ግልጽ ነበር፤ አባባ ልጁን ቢሰጥ የምሥራች ትሞታለች፣ ባይሰጥ ዮአብ አይመጣም። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ጎሽ የሚተኮስበት ቦታ የለም። አክስቴ ቤት ደርሳ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ፣ እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

የምሥራችን ለዮአብ የሚለምኑት ሽማግሌዎች ለሌላው እሑድ ተቀጥረው ነበር። በሳምንቱ መሐል አባባ ስልክ ይዞ በረንዳ ላይ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። የሚያወራው መንገዳችን ጫፍ ላይ ፈቃድ ኖሮት ጠመንጃ ከሚጠግነው ከሽማግሌው ከሚስተር ሲንግ ጋር ነው። «ቅዳሜ። ትልቁን። ልጁን ብቻውን ነው የማመጣው። ቤት ማንም አያውቅም፣ ፕሊዝ» አለ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ የተኮሳተረ ነበር። ትልቁን? ልጁን ብቻውን?

ቅዳሜ ጠዋት የሚስተር ሲንግ ላንድሮቨር በራችን ላይ ቆመች። ከኋላዋ ረጅም ጥቁር ሳጥን ተጋድሟል። ዮአብ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ለፎቶ የተጠራ ይመስል ተዘጋጅቶ መጣና ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ ከሸሚዙ ነጣ። «ግባ» አለው አባባ። ገባ። አክስቴ ሥራ ላይ ናት፤ እማማ ገበያ ሄዳለች። ለማን ልንገር?

የተመለሱት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። የዮአብ ነጭ ሸሚዝ ከአንገቱ እስከ ኪሱ በደም ተነክሯል። አባባ በራሱ መሐረብ ግንባሩን እየጠረገለት ነው።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለው። «ከጠየቁህ በር መታኝ በል።»

«እሺ አባባ።»

«ማልልኝ።»

«እመቤቴን፣ በር ነው የመታኝ።»

ሚስተር ሲንግ ሳጥኑን እየቆለፈ «ፖሌ ሳና» እያለ ዮአብን ያጽናናል። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። በቁጣ ነው አልኩ። ሳቅም ትከሻን እንዲያ እንደሚያንቀጠቅጥ ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም። አልጋዬ ሥር ገብቼ አባባን ጠላሁት። ማታም የጎሹን ወሬ ሳልሰማ ተኛሁ።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሦስት ነበሩ። ዋናው አቶ ሃብተኣብ ናቸው፤ አስመራ ተወልደው፣ አማርኛውን አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ሲሠሩ ተምረው፣ ኬንያ የሸመገሉ፣ ሲያወሩ ሰው የሚሰበሰብላቸው ሰው። የዮአብን አባት ከመሞታቸው በፊት ያውቋቸው ነበር። ዮአብ ራሱ እንደ ደንቡ አልገባም፤ ከበር ውጭ ቪትዟ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እኔና የምሥራች ኮሪደሩ ላይ መጋረጃ ጀርባ ቆመናል። እጄን ስትጨብጠኝ ጣቶቼ ሊሰበሩ ደረሱ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባባ።

«ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ሃብተኣብ፤ እንዲህ ነው ወጉ። «ልጅዎን የምሥራችን ለልጃችን ለዮአብ ይስጡን ብለን መጥተናል።»

«የማልኩትን ሰምታችኋል?»

«ናይሮቢ ያልሰማ አለ እንዴ?»

«እንግዲያው ልንገራችሁ» አለ አባባ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ልጁ ትናንት ተኩሷል። ሦስት መቶ ሰባ አምስት። ከከተማ ውጭ ባለው የተኩስ መለማመጃ፣ እኔው አጠገቡ ቆሜ።»

የምሥራች አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን ምኑም አልገባኝም፤ ደሙስ? አቶ ሃብተኣብም ከእኔ ጋር ነበሩ መሰለኝ፣ ሊቀመጡ ሲሉ ተመልሰው ቆሙ።

«እሰይ፣ ደስ ይላል። ግን አቶ ሐብተማርያም፣ አንዲት ነገር ቅር ብላኛለች። ልጁን ዛሬ ቤተክርስቲያን አግኝቼው ግንባሩ ታሽጓል። ምን ሆንክ ስለው በር መታኝ አለኝ። ዓይኔን ግን አያየኝም። ከእርስዎ ጋር ውሎ ነው የተጎዳው። አባት የለውም፤ እኛ ነን ያለነው። እንጠይቃለን።»

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «በር ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ እግሬ መጋረጃውን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሳሎኑ መሐል ቆሜ ነበር። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አባባ ነው የመታው! ደሙን ሲጠርግለት አይቻለሁ! ለማንም አትናገር ብሎታል!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። የምሥራች ወግ ደንቡን ሁሉ ረስታ ወጣች። «አባዬ» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ፤ «መታኸው?»

አቶ ሃብተኣብ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። «እንግዲህ ለልመና በመጣንበት ቤት ልጃችን ተደብድቦ ከሆነ፣ እኛም ልመናችንን ይዘን እንሄዳለን» አሉ።

አባባ ባርኔጣውን ቅንድቡ ድረስ ዝቅ አደረጋት። ያኔ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ሰውዬው እኮ በአንድ በኩል ልጁን፣ በሌላ በኩል ዕድሜውን ሙሉ የቀለበውን ጎሽ ይዞ ቆሟል። የአክስቴ እንባ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አየ።

«አቢግያ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሂጂና ዮአብን ጥሪው።»

በረርኩ። ዮአብ መኪናው ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ነበር። «ምን አሉ? ዋሜኩባሊ? ተስማሙ?» አለኝ።

«አባባ ይጠራሃል።»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ! እኔ አልገባም እኮ! ደንቡ ነው!» እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ መጣ።

አባባ ሶፋው ላይ ጎኑ አስቀመጠውና ፕላስተሩን በገዛ እጁ ላጠው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ከዮአብ ራስ ጋር አስጠጋ፤ ግንባር ለግንባር፣ ጆሮ ለጆሮ። «እዩን» አለ።

አየን። ከዮአብ ቀኝ ቅንድብ በላይ ጎበጥ ያለች፣ ትኩስ፣ ቀይ ቁስል። ከአባባ ቀኝ ቅንድብ በላይ ያችው ራሷ፣ አርጅታ ነጥታ።

«የጠመንጃው መነጽር ነው» አለ አባባ። «ትልቅ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ዓይንህን መነጽሩ ላይ ከለጠፍክ የብረቱ ክብ መጥቶ ቅንድብህን ይቆርጥሃል። አታስጠጋ ብዬ ስንቴ ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ለእኔም ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም።»

አቶ ሃብተኣብ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ታዲያ... ጎሹስ?»

አባባ ዓይኑን ጨፈነ። «ጎሽ የለም።»

«ምን ነበር?»

«ካርቶን።»

«ምን?»

«ካርቶን ነው ያልኩት! ስንት ጊዜ ልናገር? የእንግዳ ጠመንጃ ነበር። መንገድ ላይ ተነካክቶ እንደሆነ ልሞክርለት ብዬ ካምፑ አጠገብ ካርቶን አቁሜ ተኮስኩ። ቤቴ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ምን ሆንክ አለኝ። እና ካርቶን ልበል?»

ከወጥ ቤት በር ላይ የእማማ ድምፅ መጣ። «እኔ አልጠየቅኩህም» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የቱ ጎሽ ነው ቀንዱ እንደ ብርጭቆ አፍ ክብ የሆነ?»

አባባ ዞሮ አያት። «ታውቂ ነበር? ይህን ሁሉ ዘመን?»

«አውቅ ነበር እንጂ! ወጥ ቤት ገብቼ የምስቀው ምን ነበር መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስታወራው ደስ ይልህ ነበራ!»

የመጀመሪያውን ሳቅ የሳቁት አቶ ሃብተኣብ ናቸው። ከሆዳቸው ነበር የመጣው፤ ነጠላቸው ወደቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሉ። የምሥራች እያለቀሰች ትስቃለች፣ ዮአብ መሳቅ ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ እያለ አባባን በጎን ያያል። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ገና ያልተፈታ ነገር ነበረኝ።

አቶ ሃብተኣብም ሽምግልናቸውን አልረሱም። ዓይናቸውን ጠርገው «ቆይ ቆይ፣ መሐላ ነው፤ በደንብ ይታይ» አሉ። «ዮአብ ልጄ፣ መቼም ተኩሰሃል። ዒላማውንስ መታኸው?»

ዮአብ ተቁለጨለጨ። «ኧ... አባቴ፣ እውነት ለመናገር፣ ጥይቱ ወዴት እንደሄደ እስካሁን... ሚስተር ሲንግ ራሱ ሃጁዪ፣ አያውቅም። ፍንዳታውን ብቻ ነው የማስታውሰው፣ ከዚያ ሰማይ ነው ያየሁት።»

ሽማግሌዎቹ አባባን አዩት። አባባ ተነሥቶ ቆመ። «ይተኩስ ነው ያልኩት እንጂ ይምታ አላልኩም!» አለ። «ምስክር አለኝ! መኪናው ውስጥ የነበራችሁ፣ ይምታ ብያለሁ?»

«አላልክም!» አለች እማማ።

«አላልክም አባዬ!» አለች የምሥራች።

እኔ እግሩን ያዝኩት። «አባባ፣ እና የምሥራች አትሞትም?»

ጎንበስ ብሎ አየኝ። ሳምንቱን ሙሉ ምን ተሸክሜ እንደዋልኩ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ አንሥቶ አቀፈኝና ጢሙን ጉንጬ ላይ አሻሸው። «አትሞትም እናቴ» አለ። «ትዳራለች።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ሰጥቻለሁ እኮ! ተቀመጡ!»

የእማማ እልልታ ፓርክላንድስን አናጋው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ምን እንደተፈጠረ ልትጠይቅ «ኩና ኒኒ?» ብላ በመስኮት ብቅ አለች፤ እኔም «ሃሩሲ!» ብዬ ሰርግ መሆኑን ነገርኳት።

የቀረውን ዮአብ የነገረኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ለካ አባባ ከፓርክ የተመለስን ቀን ማታውኑ ሚስተር ሲንግ ቤት ሄዶ «አፌ አምልጦኝ ልጄን በራሴ እጅ አሰርኳት፣ አንድ ጥይት ፈልግልኝ» ብሎ ለምኖታል። ዮአብንም ከጎሹ ቀን አስቀድሞ ወዶታል፤ ገና የምሥራችን ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን ካየበት ቀን ጀምሮ። ቅዳሜ ደሙ ሲፈስ አባባ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ስቋል፤ ስቆ ሲጨርስ «በቃ፣ አሁን የእኔ ነህ» ብሎ ቅንድቡን ስሞታል። በር መታኝ በል ያለው ደግሞ ለሌላ ለምንም አልነበረም፤ አቶ ሃብተኣብ ሁለቱን ጠባሳ ጎን ለጎን እንዳያዩ ፈርቶ ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው፤ እስከ ዛሬም እኮራበታለሁ።

አቶ ሃብተኣብ ምስጢር የሚቋጥሩ ሰው አልነበሩም። በሚቀጥለው እሑድ የአባባን እጅ ይዤ ቤተክርስቲያን ስንገባ ግቢው ሁሉ ይጠብቀን ነበር። ጎሹን እየሰሙ ያረጁ ሰዎች፣ ወሬውን በየልጆቻቸው ጆሮ ያንቆረቆሩ ሰዎች በሙሉ ተሰልፈዋል። አንዱ ከዛፉ ሥር ሆኖ «ጋሽ ሐብቴ! ካርቶኑ እንዴት አደረ?» ሲል ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ አንገቴን ቀበርኩ። ይመለሳል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን አልኩ።

አባባ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ አረፈች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና አድሯል!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሰርጉ ላይ ጠርቼዋለሁ፤ ያኔ ትተዋወቃላችሁ!»

ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ራሱ ነበር። የምሥራች ከሴቶቹ በኩል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እስኪያንገዳግዳት ትስቃለች። ቀና ብዬ አባባን ሳየው፣ የሚያየው እሷን ብቻ ነበር።